ነጠላዋን እዩት

ከሂሩት ጋር መጨረሻ አብረን የሠራነው ሥራ የባለቤቴን ጋቢ ማጠብ ነበር። ጋቢ ለብቻ አይጠመዘዝም። ውኃ ሲጠጣ ይከብዳል፤ አንዷ አንዱን ጫፍ፣ ሌላዋ ሌላውን ይዛ በተቃራኒ ካላዞሩት ቀኑን ሙሉ ሲንጠባጠብ ይውላል። ሂሩት በሩ አጠገብ ቆማ አንዱን ጫፍ ያዘች፤ እኔ ከቧንቧው በኩል ሌላውን። አጥብቃ ስትስበው ተንገዳገድኩ። ሳቀች።

«እትዬ ጽጌ፣ ጠንከር ይበሉ እንጂ! ጋሼ ቢያዩን በሳቅ ይሞቱ ነበር» አለችና፣ ከአፏ የወጣው ቃል አስደንግጧት አፏን በእጇ ያዘች። ባለቤቴ መኮንን ከሞተ ገና ዓመት አልሞላውም ነበር።

ጋቢውን ገመድ ላይ አሰጣነው። እሷ ወደ ክፍሏ ገባች፤ እኔ ምስር ልለቅም ተቀመጥኩ። በማግስቱ ማለዳ ከላምበረት መናኸሪያ በአውቶቡስ ወደ ሰሜን ሄደች። ከዚያ ወዲህ በዓይኔ አላየኋትም።

መሞቷን መጥቶ ያረዳኝ ሰው የለም። ከመገናኛ ወደ ቤቴ ስመለስ፣ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ልጅ ስልኳን ታይ ነበር። የሰው ስልክ ማየት ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን እንደዚያ ተጣብቆ በተቀመጠበት ዓይን የት ይደረጋል? ስልኩ ላይ ሂሩት ታለቅሳለች። ነጭ ነጠላ ለብሳ፣ ፊቷ በእንባ ርሶ፣ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ። ድምፅዋ ግን አይሰማም፤ በገና አስገብተውበታል። ከላይ «ነፍስ ይማር» ይላል፤ ከታች «ተጸጽታ ያረፈችው እህታችን» ይላል።

«ውይ ስታሳዝን!» አለች ልጅቷ ለራሷ። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። ምን መስዬ እንደነበር እንጃ፣ «እማማ፣ ያውቋታል እንዴ?» አለችኝ።

ያልኳትን ኋላ ላይ እጽፈዋለሁ። አሁን ሂሩት ማን እንደነበረች መጻፍ አለብኝ፤ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝና። ቀስ እያልኩ ነው የምጽፈው። ዕድሜዬን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የሰው መጽሐፍ ሳስተካክል ነው የኖርኩት፤ ራሴ መጻፍ አልለመድኩም።

ቤታችን ከላምበረት ከፍ ብሎ፣ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ከሩቅ የሚታይበት ቦታ ነው። ልጆቻችን ትዳር ይዘው ሲወጡ ግቢው ውስጥ ያለችውን ሰርቪስ ለማከራየት አሰብን። ሂሩትን ያመጣት ደላላ ነው። አርባ ዓመት ያለፋት፣ ረዥም፣ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች ሴት ናት። ክፍሉን ሳታይ መጀመሪያ ሳሎን ገብታ ተቀመጠች። የተቀመጠችው ደግሞ መስኮቱ ፊት ለፊት ነው። በኋላ እንዳየሁት፣ የትም ቤት ስትገባ ብርሃኑ ፊቷ ላይ የሚያርፍበትን ወንበር ሳታስብ ነው የምትመርጠው።

«ከመግባቴ በፊት የምነግራችሁ ነገር አለ» አለች። «ዐረብ አገር ሰው ቤት ሠርቻለሁ። ከዚያ ወደ አውሮፓ ተሻገርኩ። እዚያ ለብዙ ጊዜ የወሲብ ፊልም ላይ ነው የሠራሁት። አሁን ትቼው መጥቻለሁ። ነገ ከሌላ ሰው ሰምታችሁ ዕቃዬን ከምታወጡብኝ፣ ዛሬውኑ ሂጂ ብትሉኝ ይሻለኛል።»

እኔ ምንጣፉን ነው ያየሁት። ደላላው ቶሎ ብሎ ወደ ግቢው ወጣ። መኮንን ግን መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ። ዕድሜውን ሙሉ አማርኛ ያስተማረና የትምህርት ቤቱን የቴአትር ክበብ የመራ ሰው ነው፤ ጡረታ ከወጣ በኋላም አመሉ አልለቀቀውም።

«ፊልሙ ላይ የምትናገሪው ነገር ነበረሽ?» ብሎ ጠየቃት።

«ምን አሉኝ?»

«ንግግር። ቃለ ተውኔት።»

ሂሩት መጀመሪያ የሚያሾፍባት መስሏት ፊቷ ተቆጣ። እሱ ግን የምሩን ነበር። ከዚያ ሳቀች፤ ዓይኗ እንባ እስኪያቀር ድረስ ሳቀች። «ኧረ ጋሼ! ቢኖርስ ማን ሊሰማው?»

«እንግዲያው ትወና ገና አልጀመርሽም ማለት ነው» አላት። ወደ እኔ ዞሮ፣ «የክፍሉን ቁልፍ አምጪላት» አለኝ።

እንዲህ ነበር የገባችው።

መልአክ አልነበረችም፤ እንደዚያ ብዬ ብጽፍ እሷ ራሷ ትስቅብኝ ነበር። ቁጡ ናት። ከውኃ ቦቴ ሾፌር ጋር ስትሰዳደብ ሰፈሩ ሁሉ ይወጣል። የተበደረችውን ሳህን አትመልስም። ጎረቤት ስታልፍ ካንሾካሾከባት ቆማ፣ «ጮክ በሉት፣ እኔም ልስማው» ትላለች። ቀን ጉርድ ሾላ አንድ ውበት ሳሎን ውስጥ ፀጉር ትሠራለች፤ ፀጉር ስትሠራም ደንበኛዋን በመስታወት ውስጥ አተኩራ እያየች ነው። አንድ ቀን ለምን እንደዚያ እንደምታደርግ ጠየቅኳት።

«ፊታቸውን ነዋ» አለችኝ። «ሰው ሲያዝን ቅንድቡ ምን እንደሚሆን፣ ሲዋሽ አፉ ወዴት እንደሚሄድ። እትዬ፣ እኔ በዚያ ሁሉ ጊዜ ፊቴን ያየልኝ ሰው የለም። ፊቴ ትርፍ ነበር።»

የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እንደ ሰው የምትናገርበት አንድ እውነተኛ ሚና። እናት፣ ነርስ፣ ዳኛ፣ ምንም ይሁን ምን። ኦዲሽን አለ በተባለ ቁጥር ትሄዳለች። ስትመለስ መኮንን ግቢው ውስጥ ወንበሩ ላይ ሆኖ ይጠብቃታል።

«ዛሬስ ምን አሉሽ?»

«የቡና ቤት ሴት፣ ጋሼ።»

«ባለፈውስ?»

«እሱም ቡና ቤት። ያኛው ግን ትንሽ ይሻላል፤ መጨረሻ ላይ እሞታለሁ።»

ታሪኳን የማያውቁት ሳይቀሩ ያንኑ ነበር የሚሰጧት። አንዱ ፕሮዲዩሰር «ፊትሽ ላይ ተጽፏል» ብሏታል አሉ። መኮንን ይህን ሲሰማ በጣም ተናደደ። ከዚያ ጋቢውን እንደ ካባ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገላትና፣ «በይ ነይ፣ ዛሬ ዳኛ አደርግሻለሁ» አላት። እሷ የልብስ ማጠቢያውን ሳፋ ገልብጣ ተቀመጠችበት። እሱ ተከሳሽ ሆኖ ፊቷ ቆመ። እኔን ታዳሚ አደረጉኝ፤ ሥራዬ ማሳል ብቻ ነበር።

«ተከሳሽ፣ የሚሉት አለ?» አለች ሂሩት ድምፅዋን አወፍራ።

«ድገሚ» አላት። «ዳኛ አይጮህም። ዳኛ የሚጮኸው የሚሰማው ሲያጣ ነው።»

ዝቅ አድርጋ ደገመችው። «ድገሚ» አላት እንደገና። ያቺ ቃል የሁለቱ ቃል ሆነች። ከሥራ መልስ ገና በሩን ስትከፍት፣ ከውስጥ «ድገሚ!» ሲላት ተመልሳ ወጥታ እንደገና ትገባለች፤ አንዴ እንደ ባለሥልጣን፣ አንዴ ልጇ እንደታመመባት እናት። እኔ ወጡ አረረብኝ ብዬ እቆጣቸዋለሁ። በቤታችን እንደዚያ የተሳቀበት ዘመን አልነበረም።

አንድ ነገር መጻፍ አለብኝ፤ ያለ እሱ የቀረው አይገባም። ሂሩት በገባች ሰሞን ጎረቤት ለቅሶ ሆነና አብረን ሄድን። ብዙ ዓመት ውጭ ኖራለችና የነጠላ አለባበስ ጠፍቶባት ነበር። ጥለቱን ወደ ታች ለቃ፣ ልክ ለበዓል እንደሚለበሰው፣ ደርባው መጣች። ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጡት ሴቶች እርስ በርስ ተያዩ።

«እሜትዬ፣ ሠርጉ በወዲያ በኩል ነው» አለቻት አንዷ። ሌሎቹ በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው ሳቁ። ለቅሶ ላይ!

ሂሩት ምን እንዳጠፋች እንኳ አላወቀችም። ወደ ጓሮ ወስጄ ነጠላውን አዘቀዘቅኩላት፤ ጥለቱ ከታች ተነሥቶ ወደ ላይ፣ ወደ አንገቷ መጣ። «ለቅሶ እንዲህ ነው» አልኳት። «ቤተ ክርስቲያን ደግሞ መስቀለኛ ነው። እንዳትቀላቅዪ፤ ሰው መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው።» ቤት ስንመለስ መስታወት ፊት ቆማ ስትለማመደው አየኋት። የበዓሉን፣ የቤተ ክርስቲያኑን፣ የሐዘኑን። መኮንን በመስኮት አይቷት፣ «ድገሚ» አላት።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን እየሮጠች ገባች። ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም። በቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ላይ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ሆና እንድትሠራ ተመርጣለች። ትንሽ ሚና ናት፤ በየክፍሉ አንዳንዴ ብቅ ትላለች። መኮንን ግን ሚኒስትር የሆነች ነው ያስመሰለው። አብረውት የሠሩትን ርዕሰ መምህራን አንድ በአንድ አስታውሶ እንዴት እንደሚራመዱ፣ ተማሪ ሲቆጡ መነጽራቸውን በየትኛው እጃቸው እንደሚያወልቁ አሳያት። የራሱን አሮጌ መነጽር ሰጣት። መጀመሪያ የታየችበትን ቀን ሦስታችን አብረን አየን። «ልጄ፣ አጥር የዘለልከው ለምንድን ነው?» አለች በቴሌቪዥኑ ውስጥ። መኮንን አጨበጨበ። ሂሩት ሶፋው ላይ ጉልበቷን አቅፋ፣ «ፊቴ ነው» አለች።

ናሆም የመጣው በዚህ ጊዜ ነው። ወጣት ነው፤ ትሑት፣ ጥሩ ሰላምታ የሚያውቅ፣ ካሜራውን እንደ ሕፃን አቅፎ የሚሄድ። ስለ ሂሩት ዶክመንተሪ መሥራት እፈልጋለሁ አለ። እሷ እምቢ አለች። ተመላልሶ መጣ። «ያለፈውን አይደለም የምሠራው፣ እህቴ» አላት። «እሱን ሁሉም ያውቀዋል። እንዴት ተዋናይ እንደሆንሽ ነው። ከዚያ ወደዚህ የመጣሽበትን መንገድ ነው።» ያን ሲላት ልቧ ተሸነፈ። እስኪ ማን ይቀየማታል?

ውበት ሳሎኑ ውስጥ ቀረጻት። ግቢያችን ውስጥ ከመኮንን ጋር ስትለማመድ ቀረጻት። ከገበታችን በላ፤ መኮንንን «ጋሼ» አለው። መኮንንም ወደደው። አንድ ቀን ግን ከምሳ በኋላ፣ «ማለቂያው ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀው።

«ገና ነው ጋሼ። ሕይወት ራሷ ትነግረናለች።»

«ሕይወት አትነግርህም። አንተ ነህ የምትመርጠው» አለው መኮንን።

ማለቂያውን ያወቅነው እንጦጦ ላይ ነው። ሂሩት አንዳንድ ማለዳ ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጠበል ትሄድ ነበር። ስለዚያ አታወራም። እኔም አልጠየቅኳትም። ናሆም ይህን ሰምቶ እዚያ ልቅረጽሽ አላት። መቅረጽ ከፈለግህ መንገዱን ብቻ ነው ብላ ተስማማች፤ እኔንም አብሬያት እንድሄድ ለመነችኝ። በባሕር ዛፉ መካከል ቁልቁል ስንመለስ፣ ነጠላዋን መስቀለኛ እንዳደረገች፣ ናሆም መንገድ ላይ አስቆማት።

«እህቴ፣ እዚህ ጋ ተንበርከኪልኝ። ቤተ ክርስቲያኑ ከኋላሽ ይገባል። ትንሽ እንባ ብቻ።»

«የምን እንባ?»

«የጸጸት ነዋ። ፋይናል ሲኑ ይሄ ነው። ሕዝቡ ይቅር የሚልሽ እዚህ ጋ ነው።»

ሂሩት ካሜራውን በእጇ ዝቅ አደረገችው። «ናሆሜ፣ እኔ ያልተሰማኝን እየመሰልኩ ስሠራ ነው የኖርኩት። ያንን ትቼ ነው የመጣሁት። እዚህ የምመጣው ለራሴ ነው። እዚህ አልተውንም።»

«ታዲያ በምን ልጨርሰው?»

«ሥራ ላይ ሆኜ ጨርሰው። የጋሼን መነጽር አድርጌ፣ ተማሪ ስቆጣ።»

«እሱን ማን ያያል?» አለ ናሆም።

ተቆጥቶ አይደለም የተናገረው። የእውነቱን ነበር፤ ግራ የገባው ነበር የሚመስለው። ሂሩት ቁልቁል መሄድ ጀመረች። እኔም ተከተልኳት።

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ መኮንን ሞተ። ጠዋት ቁርሱን በልቶ፣ ጋቢውን ደርቦ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ነው። ስለሱ ሞት ሌላ ጊዜ እጽፍ ይሆናል፤ አሁን አልችልም። እድሩ ድንኳን ጣለ። ሰው መጣ። የባለቤቴ ወንድም ካሜራ የያዘ ልጅ ሲያይ፣ «ጥሩ ነው፣ ለልጆቹ ማስታወሻ ይሆናል» ብሎ አስገባው። ለቅሶ ማስቀረጽ አሁን የተለመደ ነው። ናሆምም የቤት ሰው ነው። ማን ይጠረጥራል?

እኔ ያን ቀን ብዙ ነገር አላየሁም። ሂሩት ስትገባ ግን አየኋት። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ነበር፤ ማንም ሳያስተካክልላት፣ ጥለቱን አንገቷ ላይ አድርጋ፣ በትክክል። በዚያ ሁሉ መካከል እሱን አየሁ። ፎቶግራፉ ፊት ቆመችና ሁለት እጇን ዘርግታ አለቀሰች። እየዘለለችም፣ ደረቷን እየደቃችም አይደለም። ከልቧ ብቻ። የምትለውን እኔ ሰምቻለሁ። «ጋሼ፣ ማን ድገሚ ይለኛል? ጋሼዬ፣ ከእንግዲህ ማን ድገሚ ይለኛል?» ነበር የምትለው።

ፊልሙ የታየው እኔ ገና ከል ለብሼ ሳለሁ ነው። ሂሩት ብቻዬን አልሄድም ስላለች አብሬያት ሄድኩ። አዳራሹ ሞልቷል። ፊት ወንበር ላይ አስቀመጡን። መጀመሪያው ደህና ነበር፤ ያለፈ ሥራዋን ፊቷን በመጋረድ አሳዩ፣ ስለ ስደት ሰዎች ተናገሩ። መኮንን ግን የለም። ሳፋው ላይ የተቀመጠችው ዳኛም የለችም። ርዕሰ መምህርቷ ለአፍታ ታየችና ጠፋች። ከዚያ እንጦጦ መጣ፤ ባሕር ዛፉ፣ ጭጋጉ፣ የኪዳነ ምሕረት ጉልላት። በገና ጀመረ። ከዚያ የሂሩት ፊት መላውን መጋረጃ ሞላው። ታለቅሳለች።

ቤቴን አወቅኩት። ከጆሮዋ በስተኋላ ያለችውን የድንኳናችንን ገመድ አወቅኳት። ነጠላዋ ተዘቅዝቋል። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅዋ ግን ተቆርጦ በገናው ብቻ ነው የሚሰማው። መጨረሻ ላይ «ወደ አምላኳ ተመለሰች» የሚል ጽሑፍ ወጣ። አዳራሹ ውስጥ ያለው ሕዝብ ሁሉ ያደገው ለቅሶ ቤት ነው። አንዱ እንኳ ነጠላውን አላየም። ተነሥተው አጨበጨቡ።

ሂሩት እጄን ያዘች። «እትዬ፣ ደግሞ ንግግር የሌለው ፊልም» አለችኝ በጆሮዬ።

መድረክ ላይ ጠሯትና ማይክሮፎን ሰጧት። መድረክ መሪው፣ «እህታችን፣ ያ እንባሽ ሁላችንንም ነክቶናል። በዚያች ሰዓት ምን ተሰማሽ?» አላት።

«ያለቀስኩት ለጋሽ መኮንን ነው» አለች።

ጭብጨባ። «ጋሽ መኮንን ማለት የንስሐ አባትሽ ናቸው?»

«አይ። አከራዬ ናቸው።»

ከኋላ አንዱ ሳቀ። ከዚያ ሌላው። ሳቁ ከወንበር ወንበር እየተሻገረ መጣ፤ ምን ዓይነት ሳቅ እንደሆነ መንገር አያስፈልገኝም። እኔ ጥቁር ልብሴን ለብሼ ፊት ለፊት ተቀምጬ ነበር። ሂሩት ከመድረክ አየችኝ። ያን ጊዜ ፊቷ ላይ የነበረውን ነገር ማንም አልቀረጸውም።

በሩ ላይ ናሆምን ያዝኩት። «ነጠላዋን አላየህም?» አልኩት።

«የቱን ነጠላ እትዬ?»

«ለቅሶ ላይ ነው ያለችው! የባለቤቴ ለቅሶ ላይ! ሐዘን ላይ የተዘቀዘቀ ነጠላ አታውቅም?»

ግራ ተጋብቶ አየኝ። አላወቀም። እውነቱን ነው፤ ለእሱ ነጭ ልብስ ነጭ ልብስ ነው። «ግን እትዬ፣ ኢሞሽኑ እኮ ሪል ነው» አለኝ።

ከዚያ ወዲያ ያለው ቶሎ ቶሎ ነው የሆነው። ከድራማው ደውለው፣ ርዕሰ መምህርቷ በመኪና አደጋ ሞታለች ተብሎ ተጽፏል አሏት። ያንን ክፍል አብረን አየነው። አንድ መምህር ክፍል ገብቶ፣ «ርዕሰ መምህርታችን አርፈዋል» አለ። ተማሪዎቹ አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ ደወል ተደወለ፤ ልጅና ልጃገረድ በር ላይ ተገናኝተው ስለ ፍቅራቸው ማውራት ጀመሩ።

«አዩ እትዬ?» አለች ሂሩት። «አንድ ሰው እንኳ ነጠላ አላዘቀዘቀልኝም።»

ሰፈሩ ደግሞ የአዳራሹን ሳቅ ወርሶታል። አንድ ከሰዓት በኋላ የእድሩ ሊቀመንበር አቶ ደምሴ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር መጡ። ወንበር ሰጠኋቸው። ስለ ዝናብ፣ ስለ ኑሮ ውድነት አወሩ። ከዚያ አቶ ደምሴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ወይዘሮ ጽጌ፣ መቼም እኛ ለእርስዎ ብለን ነው። ይቺ ሴት እዚህ መኖሯ ሰው ምን ይላል?»

«ምን ይላል?»

«እንግዲህ... ለጋሽ መኮንን በዚያ መልክ ስታለቅስ ሰው አይቷል። አከራይና ተከራይ እንደዚያ አይለቃቀስም ይላል።»

«አቶ ደምሴ፣ እርስዎም አልቅሰዋል እኮ» አልኳቸው። «ድንኳኑ ውስጥ አይቼዎታለሁ፤ አንገቴን ይዘው ነው ያለቀሱት። ለእርስዎስ ሰው ምን ይበል?»

አንዱ ሽማግሌ ሳቁን ዋጠው። አቶ ደምሴ ተነሡ። «እኛ ነግረናል» ብለው ወጡ።

የሂሩት መስኮት ክፍት ነበር። ማታ ራት ላይ አልወጣችም። በማግስቱ ሻንጣዋን ስታስተካክል አገኘኋት። አክስቴ ወሎ ናት፣ እሷ ጋ እሄዳለሁ አለችኝ። ለመንኳት። ተቆጣኋት። እኔ እዚህ እያለሁ ማንም አያስወጣሽም አልኳት።

«እኔ ስም የለኝም፣ እትዬ» አለች፤ የመኮንንን መነጽር በጨርቅ እየጠቀለለች። «ሲያነሡኝና ሲጥሉኝ ለምጄዋለሁ። ጋሼ ግን ስም አላቸው። በእኔ አይጥፋ።»

«መኮንን ቢኖር ይሄን ይልሽ ነበር?»

ትንሽ አሰበች። «ድገሚ ነበር የሚሉኝ» አለችና ልትስቅ ሞከረች። «ግን የሉም።»

ከመሄዷ በፊት ግን የጋሼን ጋቢ እናጥበው አለች። የለቅሶው ሰሞን አቧራ እንዳለበት ነበር። ስለዚህ አጠብነው።

ታክሲ ውስጥ ላገኘኋት ልጅ ያልኳት ይህን ነው። «አውቃታለሁ። ነጠላዋን እይው፤ ተዘቅዝቋል። ንስሐ የገባ ሰው እንዲህ አይለብስም። ይሄ ለቅሶ ነው፤ የባለቤቴ ለቅሶ።» ልጅቷ ስዕሉን በሁለት ጣቷ አጎላችው። «ውይ፣ እውነትም! እናቴ እንዲህ ነው የምትለብሰው» አለች። አዘነችልኝ መሰለኝ። ከዚያ ስልኩ በራሱ ወደሚቀጥለው ሄደ፤ አንድ ሰው ይጨፍራል። እሷም እሱን ማየት ጀመረች። እኔ ላምበረት ወረድኩ።

ቤት ገብቼ ሂሩት ወደ ተወችልኝ ቁጥር ደወልኩ። አክስቷ አነሡ። ታማ ነበር አሉኝ፤ ትኩሳት ነው ብለን ሳናስበው አመለጠችን አሉ። ለምን አልነገራችሁኝም አልኩ። እርስዎን አላወቅንም አሉኝ። ለቅሶዋ ላይ ሰው መጥቶ እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«ብዙም አልመጣ፣ እናቴ» አሉ። «ቪዲዮውን እዚህም አይተውታል።»

የመኮንን ዓመት ሲወጣ ልጆቼ ጥቁርሽን አውልቂ አሉኝ። አላወለቅኩም፤ ሌላ ሐዘን አለብኝ አልኳቸው። ማን እንደሆነች ሲጠይቁኝ ነገርኳቸው፤ እርስ በርስ ተያዩ። ሰርቪሱን አላከራየሁትም። ጋቢውን ባለፈው ለብቻዬ አጥቤ ሳልጠመዝዘው አሰጣሁት፤ ጀንበር እስክትጠልቅ ሲንጠባጠብ ዋለ።

ያ ቪዲዮ እስካሁን ከስልክ ስልክ ይዞራል። ታክሲ ውስጥ፣ ባንክ ወረፋ ላይ፣ የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ሲያዩት አገኛለሁ። ሳገኛቸው አስቆማቸዋለሁ። ነጠላዋን እዩት እላቸዋለሁ። ከንፈሯንም እዩት፣ «ጋሼ፣ ማን ድገሚ ይለኛል?» ነው የምትለው፣ እላቸዋለሁ።